የእንግዳው ወንበር

«ወንበር አይበቃም» ሲባል የሰማችው በልደት በዓል ጠዋት፣ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ የጫማዋን ማሰሪያ ስታጠብቅ ነው። የተናገረችው ምራቷ ናት፤ ወጥ ቤት ሆና፣ ሳህን እያለቀለቀች፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። ይህን የተረተ ሰው ግን በወጥ ቤቱና በአሮጊቷ ክፍል መካከል ያለውን ግድግዳ ቢያይ ኖሮ ትንሽ ያመነታ ነበር። ግድግዳ ተባለ እንጂ፣ እሷ እዚህ ቤት ልትኖር ስትመጣ ልጇ የዕቃ ማስቀመጫውን ለሁለት ለመክፈል ያቆመው ስስ ጣውላ ነው። ማንኪያ ሲወድቅ፣ ቧንቧ ሲያንጠባጥብ፣ ሰው በረጅሙ ሲተነፍስ ሁሉ ይሰማል።

ምራቷ መቁጠሯን ቀጠለች። አባትና እናቷ ይመጣሉ፤ ወንድሟ ከነሚስቱ ይመጣል፤ የምታስተምርበት ትምህርት ቤት ርእሰ መምህርትም ስትለመን ከርማ ዘንድሮ እሺ ብላለች። ትንሿ ልጃቸውም ከትልልቆቹ ጋር ካልተቀመጥኩ ብላለች። የእንግዳው ወንበር ደግሞ አይነካም፤ ሰው ይህን ቤት የሚያውቀው በእሱ ነው። «ለእማማ ክፍላቸው ድረስ እወስድላቸዋለሁ» አለች። «ጫጫታ ይከብዳቸዋል። ለሳቸውም ይሻላል።» በድምጿ ውስጥ ክፋት አልነበረበትም። ሌሊቱን ስትጋግርና ስትጠብስ ያደረች ሴት ድምፅ ነው፤ ድካም ብቻ።

አሮጊቷ ማሰሪያውን በሁለት ጣቷ እንደያዘች ቀረች። ምራቷ ባለችው አይደለም። ምራት የሰው ልጅ ናት፤ አንድ ቀን ትከፋለች፣ አንድ ቀን ትለግማለች፣ አንድ ቀን ደግሞ ከሆድ ልጅ ትበልጣለች። የጠበቀችው እዚያው ወጥ ቤት ከሚስቱ ጋር ያለውን የልጇን መልስ ነው። «እንዴ፣ እናቴማ» ቢል ይበቃት ነበር። «እስቲ እናስብበት» ቢልም ይበቃት ነበር። ቧንቧው ተከፈተ፣ ውሃው ወረደ፣ ቧንቧው ተዘጋ። ከዚያ የልጇ ድምፅ መጣ። «ታዲያ እንግዳውን ማን ሄዶ ያመጣዋል?» አለ። «አንተ ነዋ፤ እኔ በየት በኩል?» አለች ሚስቱ። በዚህ አበቃ። አሮጊቷ ጫማዋን አሰረችና ብድግ አለች።

የእንግዳው ወንበር ነገር የመጣው ከእሷው ነው፤ ሌላ ሰው አልጫነባትም። እሷና ባሏ ወጣት ሆነው፣ ዘመድ አዝማድ በሌለበት ከተማ አንዲት ክፍል ተከራይተው ሲኖሩ፣ የመጀመሪያውን የልደት በዓል ሁለቱ ብቻ ፊት ለፊት ተፋጠው ዋሉ። ምግቡ ተርፎ፣ ጨዋታው አልቆ፣ አንዱ የሌላውን ማኘክ እየሰማ። ባሏ አናጢ ነበር። በማግስቱ ከሥራ ቦታው የተረፈ እንጨት ይዞ መጣና መደገፊያው ቀጥ ያለ፣ ክንዱ ሰፋ ያለ ወንበር መሥራት ጀመረ። «የሚቀጥለውን ዓመት ሰው አስቀምጠን እንበላለን» አለ። እሷ ልብስ ሰፊ ናትና ትራሱን ሰፋችለት። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ፣ ከጸሎት መልስ፣ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ አግዳሚ ላይ ከሚቀመጡት ሰው ከሌላቸው ሰዎች አንዱን ይዘው ይመጣሉ። ኋላ ሌሎችም አይተው ተከተሏቸውና የአጥቢያው ልማድ ሆነ። እሷንም «ባለወንበሯ» ይሏት ጀመር።

ሕጉን ያወጣችውም እሷ ናት። ለእንግዳው መጀመሪያ ይቀርባል። ሲጨርስ የቤቱ ወንድ ድርሻውን ጠቅልሎ አስይዞት እስከ በር ይሸኘዋል። ከሁሉ በላይ ደግሞ እንግዳ አይጠየቅም። ስምህ ማነው፣ ከየት መጣህ፣ ሰው የለህም ወይ፣ አይባልም፤ ቁስል መነካካት ነው። ልጇ ገና የወተት ጥርሱን ሳይነቅል አንዱን ሽማግሌ «ጥርስህ የት ሄደ?» ብሎ ጠይቆ፣ ከጠረጴዛው ሥር ጭኑን ስትቆነጥጠው እንባው ሾርባው ውስጥ ጠብ ብሏል። ሁለተኛ ማንንም ጠይቆ አያውቅም።

ባሏ ሲሞት ወንበሩን ይዛ ወደ ልጇ ቤት መጣች። ስፌት መኪናዋን ለሙያ ማሠልጠኛ ብንሰጠው ምን ይመስልዎታል ብላ ምራቷ ስትጠይቃት ጥሩ ነው አለች፤ ዓይኗም ከድቷት ነበር። ለራሷ የቀራት የስፌት ወንበሯ ነው፤ ያ አጭር፣ መደገፊያው የላላ። እሱንም አሁን አታየውም። ምራቷ የቤተ ክርስቲያኑን የልብስ እርዳታ የምታስተባብር በመሆኗ፣ በክረምት «ለጊዜው ነው እማማ» ተብሎ የገባው ጆንያ ሌላ ጆንያ እየጠራ፣ ክፍሉ ከወለል እስከ መስኮቱ ድረስ በማያውቋቸው ሰዎች ኮትና በልጆች ጫማ ተሞልቷል። ወንበሩ ከሥር ነው። ከአልጋዋ እስከ በሩ የምትሄደው በጎን ነው። ሌሊት ሌሊት ናፍታሌንና የሌላ ሰው ላብ ይሸታታል፤ ከሰው መሃል እያደርኩ ብቸኝነት ተሰማኝ ማለት ነውር ነው እያለች በራሷ ትቀልዳለች።

በመተላለፊያው ላይ ምራቷን አገኘቻት። ቤተ ክርስቲያን መሄዷ እንደሆነ ጠየቀቻትና መልሱን ሳትጠብቅ የሻርፕዋን ጫፍ አስተካከለችላት፤ ብርድ ነው፣ አንገትዎን ይሸፍኑ፣ ደረጃው ረጥቧል ይጠንቀቁ አለቻት። እጇ ሽንኩርት ሽንኩርት ይላል። አሮጊቷ በልቧ ሆድ ይፍጀው ብላ፣ መረቀቻትና ወረደች። በውነቱ ጥሩ ሴት ናት። ጥሩ ሰው ሲያስከፋ ደግሞ የሚያማርሩበት ቦታ አይገኝም።

ቤተ ክርስቲያኑ ጢም ብሎ ነበርና ከኋላ፣ ከምሰሶው ሥር ቆመች። ካህኑ ያው በየዓመቱ የሚሰብኩትን ሰበኩ፤ ለእመቤታችን በማረፊያው ቤት ስፍራ እንዳልተገኘ። «ወንበር አልበቃም ነበራ» አለች በልቧ፣ ሳቋም መጣ። አጠገቧ የቆመች ወጣት ዘወር ብላ ስታያት ሳቁ ወደ ሳል ተቀየረ። ጸሎቱ ሲያበቃ ሕዝቡ እንኳን አደረሰህ፣ እንኳን አደረሰሽ እየተባባለ በየቤቱ ተበተነ። እሷ ግን እግሯ ወደ አውቶቡስ ማቆሚያው አልሄደም። ከኋላ ወዳለው አዳራሽ ዞረ።

የአዳራሹ ጠባቂ ወፍራም፣ ቁልፍ በገመድ አንገቷ ላይ የምታንጠለጥል ሴት ናት፤ ባለቁልፏ ይሏታል። አሮጊቷን ስታይ ፊቷ በራ። ዘንድሮ ራስዎ ሊመርጡ መጡ ወይ ብላ ጠየቀቻት። ልጄ ነው የሚመጣው፣ እኔ እግሬን ላሳርፍ ብዬ ነው አለቻት። ውሸት አልነበረም። ግድግዳውን ተጠግቶ የተዘረጋው አግዳሚ ላይ ሰው ተደርድሯል፤ ፀጉሩን በውሃ አስተኝቶ የመጣ አለ፣ የኮቱን ቁልፍ አዛንፎ የቆለፈ አለ፣ ልጅ የታቀፈች አለች። ሁሉም በሩን ነው የሚያዩት። እሷ ስንት ዓመት በዚያ በር ገብታ እነዚህን ፊቶች አይታለች፤ በሩን ግን ከዚህ በኩል አይታው አታውቅም። ከዚህ ሲታይ ትልቅ ነው።

«ከዳር አይቀመጡ» አላት አንድ ሰው። «ዳር ያለውን ማንም አያየውም። መሃል ይግቡ፤ ይኸው ጠጋ ልበልልዎ።»

ፂሙ የሸበተ፣ ቀጭን፣ ድሮ የአውቶቡስ ሹፌር የነበረ ሰው ነው። ሲያወራ ቀኝ እጁ ሳያስበው ማርሽ ይቀይራል፤ ጨዋታው ዳገት ሲሆን ወደ አንደኛ ይመልሰዋል፣ ሜዳ ሲሆን ወደ ፊት ይገፋዋል። አግዳሚው ላይ ያሉት ሁሉ ማርሽ ነው የሚሉት። አዲስ መሆኗን ጠየቃት። አዎ የሚለው ቃል ከአፏ አምልጦ ወጣ፤ ወዲያው ማርሽ ልምዱን ያካፍላት ጀመር። ፎቶ የሚያነሱ ቤት ምግቡ ይቀዘቅዛል። ምርቃት የሚያበዙ ቤት ሥጋው ያንሳል። ልጆች ያሉበት ቤት ጥሩ ነው፤ ልጆች ሰው ናቸው። በዋጋ መወደድ ጨዋታ የሚጀምሩ ካጋጠሟት ቀስ ብላ ትብላ፤ እያንዳንዱን ጉርሻ ሲያዩባት ይሰማታልና።

«ግን አይፍሩ» አላት። «እንግዳ በመጀመሪያው ቀን ወርቅ፣ በሁለተኛው ብር፣ በሦስተኛው ብረት ነው ይባል የለ? እኛ ሁልጊዜ ወርቅ ነን። ሁለተኛ ቀን አይደርሰንማ።»

አሳቃት። ከስንት ጊዜ በኋላ ከሆዷ ሳቀች። ወዲያው ደግሞ እሷ ልጇ ቤት የስንተኛው ቀን እንግዳ እንደሆነች ልታስብ ጀመረችና ተወችው። ልጆች የሉዎትም ወይ አላት። አንድ አለኝ አለች። ሩቅ ነው? አዎ፣ ሩቅ ነው አለች። የልጇ ቤት በአውቶቡስ ሁለት ፌርማታ ነው።

ቤተሰቦች እየገቡ መውሰድ ጀመሩ። ልጅ የታቀፈችው ቶሎ ሄደች፤ ልጅ ያላት ትቀድማለች አለ ማርሽ። ፀጉሩን ያስተኛውም ሄደ። አዲስ የተጋቡ የሚመስሉ ወንድና ሴት ገቡና ሴቲቱ ቀጥታ ወደ አሮጊቷ መጣች፤ ጎንበስ ብላ፣ «እናታችን፣ እኛ ጋ ይምጡ» አለቻት። ፊቷ የዋህ ነው፣ እጇ ሞቃት ነው። አሮጊቷ ልቧ ከዳት። ግን «ሰው እየጠበቅሁ ነው ልጄ» ስትል ራሷን ሰማች። ያኔ ነው ለምን እዚህ እንደመጣች የገባት። እግሯን ልታሳርፍ አልነበረም። ልጇ በዚያ በር ሲገባ፣ ከነዚህ ሰዎች መሃል ተቀምጣ ሲያያት፣ በገዛ አፉ «ነይ ወደ ቤት» እንዲላት ነው። ሌላ ምንም አልፈለገችም። ባልና ሚስቱ ከጥግ ያለውን ሽማግሌ ይዘው ሄዱ።

«አይሆንም አይባልም እኮ» አላት ማርሽ፣ ደንግጦ። «ለመሆኑ ጥሩ ቤት ጠብቀው ነው? ጥሩ ቤት ልንገርዎት። አንድ ቤት ነበር። አናጢና ሚስቱ። ድሮ ነው፣ ገና መንዳት ስጀምር። ወንበራቸው ራሱ ወንበር አይምሰልዎት፤ ሰውየው በእጁ የሠራው ነው፣ ንጉሥ የሚያስቀምጥ። ለኔ ነው መጀመሪያ የቀዱልኝ። እንደዚያ ተከብሬ አላውቅም።» እጁ ከማርሹ ላይ ወረደ። «ግን አንድ ቃል የጠየቀኝ የለም። ስሜን እንኳ። ሚስቴ በዚያ ዓመት ነው የሞተችብኝ፣ በወሊድ። እዚያ ቤት ስገባ፣ እነዚህ ደግ ሰዎች ናቸው፣ ምን ሆንክ ማለታቸው አይቀርም፣ ያን ጊዜ እነግራቸዋለሁ ብዬ ነበር። ሴትዮዋ ዝም ብላ ሳህኔን ትሞላለች። እበላለሁ፤ ትሞላለች። ጠግቤ፣ ይዤው የገባሁትን ይዤው ወጣሁ።»

አሮጊቷ ሰውየውን አስታወሰችው። የሹፌር ጃኬት የለበሰ ልጅ እግር ነበር፤ እየበላ እንባው ይወርድ ነበር። እሷ በደስታ መስሏት፣ ክብር ነክቶት መስሏት፣ በየዓመቱ በዓል በመጣ ቁጥር ለልጇም ለምራቷም ስታወራው ኖራለች፤ «አንዱ እንግዳማ ከደስታ ብዛት አለቀሰ» እያለች። ወደ ማርሽ ዞረች። ስምዎ ማን ነው ልትለው አፏን ስትከፍት በሩ ተከፈተና ልጇ ገባ።

ኮቱን አልቆለፈም፤ የመኪናውን ቁልፍ እጁ ውስጥ እያቅጨለጨለ ነው። አርፍዷልና ተቻኩሏል። አግዳሚውን ከጫፍ ጀምሮ አየ፤ ባዶውን አየ፣ ማርሽን አየ፣ እናቱን አየ፣ አልፎም ግድግዳውን አየ። ከዚያ ዓይኑ ተመለሰ።

«እማዬ? ቤት ያለሽ መስሎኝ።»

«እንግዳ ልትወስድ ነው የመጣኸው?»

«አዎ፤ ግን አንቺ እዚህ ምን…»

«የቀረነው ሁለት ነን» አለችው። «ምረጥ።»

ፊቱ ቀላ። ወደ ባለቁልፏ ተመለከተ፤ ባለቁልፏ የጀመረችውን መጥረግ ትታ መጥረጊያዋን ተደግፋለች። ወደ እናቱ ጠጋ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። ሁለት ሰው እንደማይችሉ፣ ሰው እንደበዛ፣ የሚስቱ አለቃ እንደምትመጣ፣ ወንበር… ብሎ ወንበር ላይ ቆመ።

«አውቃለሁ» አለችው። «አይበቃም።»

ከዚያ በኋላ ልጇ ቀና ብሎ አላያትም። ማርሽ አንዴ እሱን አንዴ እሷን አየና ነገሩ ገባው። «እሳቸውን ይውሰዱ ጌታዬ፤ እኔ ልማደኛ ነኝ» አለ። ለእሷ ደግሞ በሹክሹክታ፣ «ሩቅ ነው ያሉት እውነት ነው» አላት። ባለቁልፏ ሻይ አፈላለታለሁ፣ ዳቦም አለ አለች። አሮጊቷ ተነሣች። ነይ ወደ ቤት የሚለው ቃል እስከ በሩ ድረስ ቢጠበቅ አልመጣም። ልጇ ክንዷን ያዘ፤ እሱም እንዳትወድቅ ነው። ከፊት ወንበር ላይ የኬክ ካርቶን ስለነበረ ከኋላ ተቀመጠች፤ መንገዱን ሁሉ የሰው ጀርባ እያየች ሄደች።

ምራቷ በሩን ስትከፍት ከአሮጊቷ ትከሻ በላይ ደረጃውን ተመለከተች። «እንግዳውስ?» አለች። ልጇ ኮቱን መስቀያው ላይ ማንጠልጠል ረጅም ሥራ ሆነበት። «እኔ ነኝ» አለች አሮጊቷና ገባች። ሰዎቹ ጠረጴዛውን ከበው ተቀምጠዋል፤ ወንበር ለወንበር ተጣብቋል፣ ክርን ለክርን ይነካካል። ከራስጌው ያ ወንበር ባዶውን ቆሟል። ሄዳ ተቀመጠችበት። የልጅ ልጇ እያጨበጨበች፣ አያቴ እንግዳ ሆነች ብላ ሳቀች፤ የምራቷ አባትም ቀልድ መስሎት ሳቀ። ርእሰ መምህርቷ ግን እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ስለዚህ ወንበር ሰምታ እንደነበር፣ እናትን የክብር እንግዳ አድርጎ ማስቀመጥ ግን እንዲህ ያለ ቤት ብቻ እንደሚያስበው ተናገረች። ምራቷ አመሰገነች። ጭልፋውን ስታነሣ ሾርባው ጨርቁ ላይ ፈሰሰ።

ለእሷ መጀመሪያ ተቀዳ። ሾርባው ጥሩ ነበር፣ ጥብሱም ለስልሷል፣ ዳቦው እንደሞቀ ነው። ባሏ የሠራው ወንበር ላይ በዕድሜዋ ሙሉ ተቀምጣ አታውቅም፤ ጠረገችው፣ ትራሱን ቀየረች እንጂ የእንግዳ ነው ብላ አላረፈችበትም። መደገፊያው ቀጥ ይላል፤ ያስከብራል፣ አያዝናናም። ከዚያ ላይ ሆኖ የሰው ሁሉ ፊት ይታያል። የምራቷ ወንድም የዱቄት ዋጋ በአንድ ወር ምን ያህል እንደዘለለ አወራ፤ ሚስቱ የቤት ኪራዩን አነሣች፤ ርእሰ መምህርቷ ስለ መምህራን ደሞዝ አከለች። ጨዋታው በጠረጴዛው ላይ እየዞረ ራስጌው ጋ ሲደርስ ዘሎ ያልፋል። ሳህኗ ሲጎድል ምራቷ ትሞላዋለች። ስትበላ ትሞላዋለች። ከየት መጣሽ ያላት የለም። ቤተ ክርስቲያኑ እንዴት ነበር ያላት እንኳ የለም። ሕጉ በደንብ ተከብሯል። እንደ ማርሽ ማልቀስ ቢያምራትም፣ ከደስታ ነው ይሉኛል ብላ ዋጠችው።

ኬኩ ከተቆረሰ በኋላ ምራቷ የእንግዳውን ድርሻ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልላ ለባሏ ሰጠችው። እጇ የለመደውን ነውና የሠራው፣ ሰጥታው ነው ያስተዋለችው። ልጇ ጥቅሉን ይዞ ተነሣ፣ እናቱም ተነሣች። ከልማድ የተነሣ ወደ ውጭው በር ተራመደ። ከዚያ ቆመ፤ ዞሮ፣ በመተላለፊያው አልፎ፣ ወደ ክፍሏ ሸኛት።

እዚያ ክፍል ከገባ ቆይቷል። በሩ ግማሽ ድረስ ከተከፈተ በኋላ ጆንያ አገደው። በጎን ሾልኮ ገባና ቆመ፤ የሚቆምበት ቦታ ራሱ ለአንድ ሰው ነው። ጆንያዎቹን ከሥር እስከ ላይ አየ፣ አልጋዋን አየ፣ መቀመጫ ፈለገ። ከጆንያዎቹ ሥር የአጭሩ ወንበር አንድ እግር ብቅ ብሎ ይታያል። እሱን አይቶ ብዙ ቆየ። ከጣውላው ባሻገር ሳህን ይሰበሰባል፤ ርእሰ መምህርቷ ስታመሰግን እያንዳንዱ ቃል ይሰማል። ልጇ ጣውላውን በመዳፉ ነካ አደረገው፤ ራሱ ያቆመው ነው። ጠዋት ምን እንደተሰማ ያን ጊዜ ገባው።

«እማዬ» አለ።

ጠበቀችው። ጥቅሉን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ።

«አትጠይቀኝም?» አለችው።

«ምን ብዬ?»

«ለምን እዚያ ሄድሽ። ምን ሆንሽ። የሚጠየቅ ጠፍቶ ነው?»

«እንግዳ አይጠየቅም» አለ ልጇ፣ ዓይኑ ወለሉ ላይ እንደቀረ። «አንቺ አይደለሽ ያስተማርሽን?»

ሊወጋት አልነበረም። ጭኑን እንደተቆነጠጠው ልጅ ነው የተናገረው፤ ድሮ ለተማረው ትምህርት መልሱን በትክክል እንደሚሰጥ። ለዚያ ነው ዘልቆ የገባው። አሮጊቷ አልጋዋ ላይ ቁጭ አለች። እናት ለልጇ የምታወርሰውን ሁሉ መርጣ አታወርስም፤ ዝምታዋንም ጨዋነት ነው ብላ አስተምራው፣ ይኸው ቤቷ ድረስ ይዞላት መጥቷል።

«የያዝከውን እዚያ አዳራሽ ውሰደው» አለችው በመጨረሻ። «ሹፌር የነበረው ሰውዬ ገና አልሄደም። የሱ ወንበር ላይ ነው የተቀመጥኩት።»

«አሁን? ሰው ትቼ?»

«አሁን። ሰጥተኸው እንዳትመለስ። አጠገቡ ቁጭ በል። ስሙን ጠይቀው። ሚስቱ ምን ትመስል እንደነበር ጠይቀው። ሲመልስልህ ሰዓት አትይ።»

ልጇ «ከዚያስ?» አለ።

«ከዚያ መጥተህ እኔን ጠይቀኝ።»

እሺም እምቢም ሳይል በጎን ሾልኮ ወጣ። በመተላለፊያው ላይ የምራቷ ድምፅ ወዴት ነው አለ፤ እሱ የመለሰውን፣ ያ ሁሉን የሚያሰማ ጣውላ እንኳ አላሰማትም። የውጭው በር ተከፍቶ ተዘጋ። ወጥ ቤት ውስጥ ቧንቧው ተከፈተ።

አሮጊቷ ትንሽ ተቀመጠች። ከዚያ ተነሥታ ከላይ ያለውን ጆንያ ያዘች። ከብዷታል፤ ጎትታ አልጋዋ ላይ ጣለችው። ሌላውን ደገመች፣ የልጆች ጫማ ከአፉ ወለሉ ላይ ተበተነ፣ አልለቀመችውም። ትንፋሿ ሲያጥር እየቆመች፣ ሲመለስላት እየጎተተች፣ አጭሩን ወንበር ከሥር አወጣችው። አንድ እግሩ ይነቃነቃል እንጂ ደህና ነው፤ ጠዋት ሲቆጠር ሳይቆጠር የቀረ ወንበር። በሻርፕዋ ጠረገችውና በአልጋዋ ፊት ለፊት አስቀመጠችው። አልጋዋ በጆንያ ስለተሞላ ለራሷ የቀራት ጠርዙ ብቻ ነው። እሱ ላይ ተቀመጠች፣ ጫማዋን ሳታወልቅ፣ ፊቷን ወደ በሩ አድርጋ።